ለአንድ ቀን በሲንጋፖር ለሚወርድ መንገደኛ

በለገጣፎ የሚኖሩ አንዲት እናት ለዚህ ዐምድ አንድ ጥያቄ ልከዋል። ልጃቸው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲስነት ተምሮ ዛሬ በባዕድ መርከብ ላይ ይሠራል። መርከቡ ሁለት ጊዜ በሲንጋፖር ወደብ ቆሞ፥ ልጁም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ወደ ከተማ ወርዶ ነበር። እናቲቱ በስልክ ምን እንዳየ ቢጠይቁት ሙቀቱ ጽኑ፥ ፎቁም ረጅም መሆኑን ነግሯቸው ከዚያ በቀር የሚናገረው አጣ። ሦስተኛ ጊዜ የደረሰ እንደ ሆነ ወዴት ይሂድ ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዕረፍታቸው ወራት በመንሸራሸሪያ መርከብ የሚሳፈሩበት ጊዜ ነው፤ አንዳንዶቹም አባት እናታቸውን ከዚህ አስጠርተው አብረው ይወስዷቸዋል። እንዲህ ያለው መርከብ በአንድ ከተማ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከጧት እስከ ማታ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶ፥ ያን ያህል ባሕር ታልፎ፥ የተገኘው ስምንት ሰዓት ከሆነ፥ ስምንቱን ሰዓት በሱቅ መስተዋት ፊት ማሳለፍ እኔ ከብክነት እቈጥረዋለሁ።

በዚያ የባሕር መንገድ መሄድ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ጃፓን ሄደዋል። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚጓዙት የፈረንሳይ መርከቦች ኮሎምቦን፥ ሲንጋፖርን፥ ሳይጎንንና ሆንግ ኮንግን እየነኩ ያልፉ ነበር። ብላቴን ጌታ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባለውን መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ፤ መጽሐፉም ኢትዮጵያ በምን መንገድ ትሠልጥን እያሉ ለሚከራከሩት ለዚያ ዘመን ምሁራን መነጋገሪያ ሆነ። ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ፥ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ዘምቷል። ኅሩይ ብዙ ነገር ያዩት ዐይናቸው ከሌላው ሰው ዐይን የተለየ ስለ ነበረ አይመስለኝም፤ ከቤታቸው ሲነሡ ላልሄደው ሰው ሊነግሩ አስበው ስለ ተነሡ ነው እንጂ። ለእናቱ የሚነግረውን ነገር እየፈለገ የሚሄድ ልጅም ወዴት እንደሚሄድ መምረጥ አይቸግረውም።

ሲንጋፖር አገሩም ዋና ከተማውም አንድ የሆነ ደሴት ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ የራቀ ስለ ሆነ በጋና ክረምቱ አይለይም፤ ዓመቱን ሁሉ ይሞቃል፥ ዓመቱን ሁሉ ይዘንባል። እንግሊዛዊው ራፍልስ በ1819 በፈረንጆች ዓመት የንግድ ወደብ አቋቋመበት፤ ራሱን የቻለ መንግሥት የሆነው ግን በ1965 ነው። ስፋቱ 735 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን፥ በዚያች ጠባብ ምድር 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል። ቻይናው፥ ማላዩ፥ ሕንዱ ሁሉ በየቋንቋው ይናገራል፤ መንግሥቱም አራት ቋንቋ ተቀብሎ ይሠራል፤ እነርሱም እንግሊዝኛ፥ ማላይኛ፥ ቻይንኛና ታሚልኛ ናቸው።

ከመውረድ በፊት ስለ ወረቀት ጥቂት ልበል። የቪዛን ነገር ከመሳፈር በፊት መጠየቅ እንጂ በወደብ ላይ መከራከር አይገባም። ከመድረስ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ቅጽ አለ። ባለፉት 6 ቀኖች ውስጥ ከኢትዮጵያ የተነሣ መንገደኛም የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀቱን መያዝ አለበት። የዚያ አገር የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ እስከ ሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ ጫት የለመደ ሰው አንዲት ቅጠል እንኳ በኪሱ አትገኝበት።

ከወረቀት ይልቅ የሚያሰጋኝ ሰዓት ነው። የመርከቡ ማስታወቂያ 17፡00 ቢል በኛ አቈጣጠር 11 ሰዓት ማለት ነው፤ ነገር ግን በሲንጋፖር 11 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ገና ቀትር፥ 6 ሰዓት ነው። ሰዓቱን ሳያስተካክል የወረደ ሰው አምስት ሰዓት ሙሉ ይሳሳታል። ፀሐይ አይቶ መገመትም አያዋጣም፤ ሲንጋፖር ሰዓቷን ወደ ፊት ስለ ገፋች ፀሐይ በፈረንጆች 7 ሰዓት ግድም ወጥታ በ7 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። ደግሞ አንዳንዱ መርከብ የራሱን ሰዓት ይይዛል እንጂ የወደቡን አይከተልም። መንገደኛ የሚፈለገው መርከቡ ከሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ፥ ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ ይዞ የሚመጣን ሰው ፊት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መርከብ ያመለጠው ሰው ፊት ከዚያ የሚሻል አይመስለኝም።

እንግዴህ መንገዱን ልጀምር። ከወደቡ በከተማ ባቡር ተሳፍሮ በቴሎክ አየር መውረድ ነው። ይህ ጎዳና ዛሬ በረጃጅም ፎቆች መካከል ያለ የውስጥ መንገድ ነው፤ ቀድሞ ግን የባሕሩ ዳር እዚህ ነበር። ከቻይና አገር በጀልባ የመጡት ስደተኞች በዚህ ይወርዱና፥ ማዕበል ስላልበላቸው ለባሕር አምላካቸው ለማዙ ምስጋና ያቀርቡ ነበር። ቲያን ሆክ ኬንግ የሚባለው ቤተ ጣዖታቸው በ1842 በፈረንጆች ተፈጸመ፤ እስከ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ባሕሩን በአፈር እየደለደሉ ስላራቁት፥ ቤቱ ሳይነቃነቅ ባሕሩ ሸሽቶታል። አገሩ ነጻ ከወጣ ጀምሮ በዚህ ዐይነት ከመቶ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚበልጥ መሬት ከባሕር ወስዷል። በመሬት ወሰን ክርክር የተሞላ መዝገብ ሲጽፍ የሚውል ሰው ይህን ቢሰማ መገረሙ አይቀርም።

በዚያው ጎዳና ጥቂት እልፍ ሲሉ የሕንድ እስላሞች የሠሩት የናጎሬ ዳርጋ፥ መስጊድና የቻይናውያን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። መርካቶ ሄዶ አንዋር መስጊድንና የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ያየ ሰው በዚህ አይደነቅ ይሆናል፤ ቢሆንም ለልጆች ሊነገር የሚገባ ነገር ነው።

ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ሂል ስትሪት ወደሚባለው መንገድ ይሄዳል። እዚያ በነጭ ቀለም የተቀባች፥ በትልልቅ ምሰሶዎች የተከበበች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የአርመኖች የቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1835 በፈረንጆች የተሠራች ስለ ሆነች፥ በሲንጋፖር ካሉት የክርስቲያን ቤቶች ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ስንት መንገደኛ በፊቷ አልፎ ወደ ሱቁ እንደሚሮጥ ሳስብ አዝናለሁ፤ ለኢትዮጵያዊ ግን በዚያች ከተማ ዘመድ ቤት ማለት እርሷ ናት። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እንደኛው የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበለች እኅታችን ናት። አርመኖችም በአገራችን ስማቸው የታወቀ ነው፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የሙት ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው «አርባ ልጆች» ተብለው የማርሽ ሙዚቃ ሲነፉ፥ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የያን ጊዜውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። በሲንጋፖርም የአርመኖቹ ቊጥር ጥቂት ሳለ ሥራቸው ብዙ ነው። ስመ ጥሩውን ራፍልስ ሆቴልን በ1887 ያቋቋሙት ሳርኪስ የሚባሉ አርመናውያን ወንድማማቾች ናቸው። የአገሩ ብሔራዊ አበባ የሆነውም ኦርኪድ የተጠራው አግነስ ጆአኪም በምትባል አርመናዊት ሴት ስም ነው፤ የመቃብሯም ድንጋይ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገኛል። ለእናት የሚነገር ወሬ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል?

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ በእግር ቢሄዱ፥ በቢች ሮድ በኩል፥ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አራት ነጫጭ ዐምዶች አብረው ቆመው ይታያሉ። በዚህ ስፍራ ቆም ማለት ይገባል። ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ የወደቀችው የካቲት 8 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ፥ የካቲት 11 ቀን፥ የጃፓን ወታደሮች ቻይናውያኑን ወንዶች በአንድ ስፍራ እየሰበሰቡ ይመረምሩ ጀመር፤ የጠረጠሩትንም በመኪና ጭነው ወደ ባሕር ዳር እየወሰዱ ገደሉ። የሟቾቹ ቊጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ጃፓኖቹ 5 ሺህ ያህል ሲሉ፥ ቻይናውያኑ ብዙ ዐሥር ሺህ ይላሉ። አንባቢ ቀኑን ልብ ይበል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተፈጸመው እልቂት አምስት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። በ1954 ዓ.ም. ግድም የሟቾቹ ዐፅም ከየጉድጓዱ ሲገኝ ተሰብስቦ በሐውልቱ ሥር ተቀበረ፤ ሐውልቱም የካቲት 8 ቀን 1959 ዓ.ም. ተመረቀ። አራቱ ዐምዶች የከተማዪቱን አራት ወገን ሕዝብ ያመለክታሉ፤ ሥራቸው አንድ ነው። በስድስት ኪሎ በኩል ሲያልፍ ባርኔጣውን የሚያነሣ ሰው እዚያም ማንሣት አለበት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን ጎብኝተው ብዙ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ይህን ሳያዩ በ1931 ዓ.ም. በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

ስለ ምግብ የሚጨነቁ አሉ። በዚያ አገር በጎዳና ይሸጡ የነበሩትን ምግብ ሻጮች መንግሥት በጣራ ሥር ሰብስቦ ውሃና መብራት አግብቶላቸዋል፤ በዚያ መብላት ከሆቴል ይረክሳል፥ ይጣፍጣልም። ረቡዕና ዐርብ ለሚጾም ሰው የሕንዶቹ ሰፈር ይሻለዋል። ዶሳ የሚሉት ከሩዝና ከምስር ዐይነት እህል ተቦክቶ፥ ኮምጠጥ ብሎ፥ በምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር እንጀራ አላቸው፤ ከወጡ ጋር በእጅ ይበላል። ነገር ግን ሥጋ የለበትም ማለት ቅቤ የለበትም ማለት ስላይደለ ጠይቆ መብላት ነው። እስላም ወገኖቻችን ሐላል የሚለውን ምልክት በየሱቁ ያገኙታል።

ከሰዓት በኋላ የቀረው ጊዜ በማሪና ባራጅ ይለፍ። ይህን የምለው ጠያቂያችን የለገጣፎ ሰው ስለ ሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ የጠጣችው የለገዳዲ ውሃ በደጃቸው ነው፤ የግድብን ነገር የሚያስተዋውቃቸው አያሻቸውም። የሲንጋፖር ሰዎች ወንዝ ጥቂት፥ ተራራም የሌላቸው ስለ ሆኑ እኩሌታው ውሃቸው ለብዙ ዘመን በቧንቧ ከጎረቤት ከማሌዢያ ይመጣ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይገዛሉ፤ ውሉም በ2061 በፈረንጆች ያልቃል። ስለዚህ በ2008 የወንዞቹን አፍ በ350 ሜትር ግድብ ዘግተው፥ የባሕሩን ጨው ውሃ ወደ ውጭ አስቀርተው፥ በከተማው መካከል የነበረውን የባሕር ክንፍ የጣፋጭ ውሃ ማጠራቀሚያ አደረጉት። ይህ ሊሆን የቻለው ቀድሞ ወንዛቸውን ስላጠሩ ነው። የሲንጋፖር ወንዝ የአሳማና የዳክዬ ጉድፍ፥ የምግብ ሻጭ ቆሻሻ ይፈስበት ነበር፤ በ1977 ጀምረው በ1987 ዐሥር ዓመት ሲሞላ ጨረሱት። የግድቡ ቤት ጣራ ሣር የለበሰ ነው፤ ልጆች በላዩ ወረቀት ያበራሉ። ሦስቱ ታላላቅ ፎቆች በላያቸው መርከብ የመሰለ ተሸክመው ከዚያ ይታያሉ፤ ወደ ላይ ለመውጣት ገንዘብ ከመክፈል ከዚህ ሆኖ ማየት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ጊዜ የተረፈው ሰው በ1859 የተቋቋመውን የአትክልት ቦታ ይጎብኝ፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ የእስያ የጎማ ዛፍ እርሻ የተስፋፋው ከዚያ ነው።

ባንኮክ እንሄዳለን ያሉ ሌሎች ቤተ ሰቦችም ጽፈውልናል። ለነርሱ አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራቸው፤ ትልልቆቹ መርከቦች ባንኮክ ይበሉ እንጂ የሚቆሙት ላም ቻባንግ በሚባል ወደብ ነው፤ ከዚያ እስከ ከተማው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ለመሄድ ሁለት ሰዓት፥ ለመመለስም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀረው ጊዜ ምን እንደሚታይ በሚመጣው ሳምንት እንጽፋለን።