የሥራ አጥነት ምንጩ እንግዳው ሠራተኛ አይደለም

በየቀበሌው ስብሰባ «ከሌላ ስፍራ የመጣው እንጀራችንን ቀማን» የሚል ድምፅ በተነሣ ቁጥር፣ ጓዶች የምዕራብ ጀርመንን ወዛደር ገጠመኝ ሊያጤኑ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሚሊዮነኛው እንግዳ ሠራተኛ፣ ፖርቱጋላዊው አናጢ፣ ኮሎኝ ሲደርስ ከበርቴው በማርሽ ሙዚቃ ተቀብሎ ሞተር ብስክሌት ሸለመው። ጉልበቱን ፈልጎታላ! በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ምልመላው ታገደ። ታዲያ በሩ ሲዘጋ ሥራ አጡ ቀነሰን? በተቃራኒው፣ በ1975 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ የውጭ ንግዱ ተቀዛቅዞ ትርፉ ያሽቆለቆለበት ከበርቴ የአገሬውንም የባዕዱንም ሠራተኛ በትኖ ነበርና። በ1983 የወጣው ሕግም ፋብሪካውን የዘጋውን ባለሀብት ሳይሆን፣ ፋብሪካ የተዘጋበትን ቱርካዊ 10,500 ማርክ ተቀብሎ ወደ አገሩ እንዲመለስ ገፋፋ።