መንጃ ፈቃዱን ከመመለሳችሁ በፊት ደሙን እዩት

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም ስለ መኪና አደጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው ቅጣቱ ይክበድ፣ መንጃ ፈቃዱም ለረጅም ጊዜ ይታገድ ብለዋል። በዚህ አልጣላቸውም። ግን እገዳው ያለቀ ቀን ስለሚሆነው ነገር አንድም ቃል አልተነፈሱም። ስድስት ወርም ይሁን ዓመት፣ ቀኑ ሲሞላ ሰውየው የሚከፍለውን ከፍሎ መንጃ ፈቃዱን ይቀበላል፤ በመሐሉ መጠጡን ትቶት ይሁን ብሶበት የሚጠይቀው የለም። እኔ የምለው ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ የታገደ ሰው መንጃ ፈቃዱ የሚመለስለት ቀኑ ስለሞላ ሳይሆን ሐኪም መርምሮት መንዳት ይችላል ስላለ ይሁን ነው።

የምጽፈው ከቡርጅ ሐሙድ ነው። ከቤይሩት ወንዙን ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ ያለው፣ ከእልቂት የተረፉ አርመኖች የቆረቆሩት ሰፈር ዛሬ የእኛም ሆኗል፤ እንጀራውም በርበሬውም ጸጉር ቤቱም እዚሁ ነው። እሑድ ፈቃድ ያላት ሀበሻ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ወጥታ በጋራ ታክሲ (በሰርቪስ) ወይም በቫን ዶራ አደባባይ ትወርዳለች። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቁት የጀማይዜና የማር ሚካኤል መጠጥ ቤቶች ደግሞ ቅዳሜ ሌሊቱን ሞቅ ብለው ያድራሉ። እሑድ ማለዳ ቫን ሙሉ ሰው ጭኖ የሚከንፈው ሹፌር የት እንዳመሸ በምን እናውቃለን? አልኮል ከደም የሚወጣው በዝግታ ነው፤ በሰዓት በግምት በአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ቢቀንስ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ 1.6 ግራም የነበረው ሰው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ገና 0.7 ገደማ ይዞ መሪ ይጨብጣል። የሊባኖስ ሕግ ለተራ አሽከርካሪ የሚፈቅደው እስከ 0.5 ነው። ቡና ቢጠጣ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ ነቃ ሊል ይችላል እንጂ በደሙ ያለው አይቀንስም።

ሊባኖስ ሕግ አልጎደላትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የትራፊክ ሕግ ቁጥር 243 ከ2015 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በነጥብ የሚቆጠር መንጃ ፈቃድ ሁሉ አለበት። ልጃቸውን ሃዲን እ.ኤ.አ. በ2006 በመኪና አደጋ ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ኩንሃዲ የተባለው ማኅበርም ወጣቱን ጠጥታችሁ አትንዱ እያለ ዓመታት ለፍቷል። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ግን የመንገድ መብራቱ እንኳ በብዙ ቦታ ጠፍቷል፤ ሕግ አስከባሪውን ተዉት።

ነገሩ እኛን የቤት ሠራተኞችን በተለይ የሚቆረቁርበት ምክንያት አለው። ገና ከአገራችን ሳንወጣ፣ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ጤናችን ይመረመራል። እዚህ ስንደርስ ለሥራ ፈቃድና ለመኖሪያ ፈቃዱ ለኢቃማ እንደገና ክንዳችንን ዘርግተን ደም እንሰጣለን። ሳህን ለማጠብ፣ ሕፃን ለማቀፍ፣ አሮጊት ለመደገፍ ደማችን ይታያል። ምርመራውን አልጠላሁትም፤ የሰው ልጅ የምትይዝ ሴት ጤነኛ መሆኗ ቢረጋገጥ ምን ክፋት አለው። ክንዷን ዘርግታ የተመረመረችውን ሴት ቫኑ ላይ ጭኖ የሚሄደው፣ አንዴ ሰክሮ ሲነዳ የተያዘ ሰው ግን ለምን ደሙ ሳይታይ ወደ መሪው ይመለሳል?

እገዳ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ከጀርመኖች የተሻለ ያስረዳ አላየሁም። በእነሱ አገር በሊትር ደም 1.6 ግራምና ከዚያ በላይ ይዞ ሲነዳ የተያዘ ሰው፣ ወይም ጠጥቶ ሲነዳ ደጋግሞ የተያዘ፣ የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ ካላለፈ መንጃ ፈቃዱን አያገኝም። ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረ ነው፤ ሕዝቡ «የጅሎች ፈተና» እያለ ያፌዝበታል፣ ነገር ግን ይፈራዋል። 1.6 ላይ ማስመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። አልፎ አልፎ የሚጠጣ ሰው ያን ያህል አልኮል ደሙ ውስጥ ቢገባ ቁልፉን መሰኪያው ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል፤ ወይ ያስመልሰዋል፣ ወይ እንቅልፍ ይጥለዋል። በዚያ መጠን መኪና አስነስቶ፣ ማርሽ ቀይሮ፣ ፖሊስ ፊት እስኪደርስ የነዳ ሰው አካሉ መጠጡን ለምዶታል ማለት ነው። እኛ «እሱ እኮ ቢጠጣም አያስታውቅበትም፣ ጎበዝ ሹፌር ነው» ብለን የምናደንቀው ሰው ለሐኪሙ ዋናው ሕመምተኛ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የስድስት ወር እገዳ ምኑ ነው? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

እንግሊዞችም በሊትር ደም 2 ግራምና ከዚያ በላይ ይዞ የተገኘውን፣ በ10 ዓመት ውስጥ ሁለቴ የታገደውን፣ ወይም ናሙና አልሰጥም ያለውን ለብቻው መድበው ሐኪም ዘንድ ይልኩታል። ድሮ ውጤቱ እስኪመጣ እየነዳ መቆየት የሚችልበት ቀዳዳ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2013 ጀምሮ ለሚታገዱት ቀዳዳው ተዘግቷል።

ታዲያ ሐኪሙ ምን ያያል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትራፊክ ፖሊስ የሚያስነፋው የትንፋሽ መለኪያ የሚናገረው የዛሬን ነው፤ ለምርመራ የተቀጠረ ሰው ደግሞ የዚያን ቀን አይጠጣም፣ ሞኝ አይደለም። መታየት ያለበት ያለፉት ሳምንታትና ወራት ነው። ሲዲቲ የሚባለው የደም ምርመራ ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ አብዝቶ ከጠጣ ከፍ ይላል፤ ካቆመ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ጸጉር ከዚህም ይብሳል። ሰውነት አልኮልን ሲያጣራ የሚያወጣው ኢቲጂ የተባለ ንጥረ ነገር ጸጉር ውስጥ ይቀራል፤ ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከራስ ቅሉ አጠገብ የተቆረጠ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሦስት ወር ታሪክ ይናገራል። ጸጉሩን ተላጭቶ ለሚመጣው ጀርመኖች የሽንት ምርመራ አላቸው፤ ቀኑን አስቀድሞ አያውቀውም፣ በድንገት ይጠሩትና በማግሥቱ ይቀርባል።

እነዚህ ምርመራዎች አገር ቤት በየክፍለ ሀገሩ አይገኙም የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። ግን ጂጂቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ ከእነዚህ ይልቅ በብዙ ላቦራቶሪ ይሠራል፤ አብዝቶ በሚጠጣ ሰው ይጨምራል። ችግሩ በሌላ የጉበት ሕመም፣ በአንዳንድ መድኃኒትና በውፍረትም መጨመሩ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በብዛት ባለበት አገር በጂጂቲ ብቻ ሰውን ሰካራም ብሎ እንጀራውን መንጠቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ብቻውን አይፈረድበትም፤ ለሐኪሙ መነሻ ይሁነው። ከእሱ ጋር የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የተባለ የ10 ጥያቄዎች ቅጽ አለ፤ ነርስ በጥቂት ደቂቃ ትሞላዋለች፣ ከ40 ነጥብ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ አሳሳቢ ነው ይባላል። ሰው ለቅጽ ይዋሻል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይዋሻል፤ ለዚህ ነው ቅጹና ደሙ ጎን ለጎን የሚታዩት።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የጤና ማረጋገጫ እንዲያቀርብ ያዛል። ወረቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እኔ ባየሁት ትልቁ ጉዳይ ዓይንና ጆሮ፣ እጅና እግር ነው። ኮምቦልቻ ያለ ከባድ መኪና የሚነዳ ዘመዴ ጠጥቶ ተይዞ መንጃ ፈቃዱ ታግዶበት ነበር፤ ሲመለስለት ስለ መጠጡ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንደሆነ ድሮም ደህና ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የአልኮል ጣሪያውን በሊትር ደም 0.8 ግራም ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ከሊባኖሱ ሰፋ ያለ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብሉምበርግ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ታቅፋ የትንፋሽ መለኪያውን ወደ ጎዳና ማውጣቷ ጥሩ እርምጃ ነበር። መያዙ ተጀምሯል፤ የተያዘው ሰው ኋላ ምን እንደሚሆን ነው ገና ያልታሰበበት።

ሁሉም ይመርመር አላልኩም። በሠርግ ቀን ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ ጣሪያውን በትንሹ ያለፈ ሰው የ10 ጥያቄው ቅጽ ይበቃዋል። ሁለተኛ የተያዘው፣ ወይም መጀመሪያም ሲያዝ መጠኑ እጅግ የበዛው ግን ላቦራቶሪ ይግባ።

ዋናው ተቃውሞ «መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው፣ ቤተሰብ ይራባል» የሚለው ነው። ይህን ሳልሰማ የቀረሁበት ክርክር የለም። እገዳ እኮ አሁንም አለ፤ ሹፌሩ አሁንም ቤቱ ይቀመጣል። ምርመራው የሚጨምረው መጠጡን ለተወ ሰው አንድ ማስረጃ፣ ላልተወ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ክፍያው ያሳስበኛል፣ አልክድም። በእንግሊዝ ወጪውን የሚችለው ራሱ አሽከርካሪው ነው፤ በጀርመንም ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኛ ዘንድ ከትራፊክ ቅጣት ከሚሰበሰበው ላይ ተቀንሶ ቢሸፈን ይሻላል፤ አለዚያ ያለው ይመረመራል፣ የሌለው ያለ መንጃ ፈቃድ ሌሊት ሌሊት ይነዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉቦው ነው። እዚህ ከእኛ ሰፈር አቅራቢያ ደኳኔ ላይ ናፍዓ የሚባለው የተሽከርካሪና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሠራተኞቹ በጉቦ ተጠርጥረው በብዛት ሲታሰሩ ሥራው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። ዋስታ ያለው፣ ማለት የሚያውቀው ትልቅ ሰው ያለው፣ በሚያልፍበት አገር የሐኪም ማህተም ዋጋ ይወጣለታል። የእኛም አገር ከዚህ የጸዳ ነው ብዬ አልምልም። ስለዚህ ሹፌሩ ሐኪሙን አይምረጥ፤ መንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ይመድብለት። ናሙናው በስም ሳይሆን በቁጥር ይላክ፣ ውጤቱም ከላቦራቶሪው በቀጥታ ለቢሮው ይድረስ፤ ሹፌሩ በፖስታ ይዞት አይዙር።

ውጤቱ መጥፎ የሆነበት ሰውስ? እሱ ይታከም እንጂ አይዋረድ። አገር ቤት ስለ ሱስ ሕክምና ሲነሳ ሰው ሁሉ የአእምሮ ሕክምናውን አማኑኤል ሆስፒታልን ያስብና «እብድ አደረጋችሁኝ» ብሎ ይሸሻል። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ተደብቆ ይጠጣል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ከደም ግፊትና ከስኳር ክትትል ጎን መጠጥም የሚታይበት ክፍል ቢኖር ሹፌሩ ለባለቤቱ «ለምርመራ ነው የሄድኩት» ብሎ ይወጣል፤ የትኛው ምርመራ እንደሆነ ጎረቤት አያውቅበትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እንግሊዞች ለሚያጠራጥራቸው ሰው ሙሉ ፈቃድ አይሰጡም፤ የአንድ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሰጥተው ሲያልቅ እንደገና ሊያዩት ይችላሉ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሰዎች ደንቡን ሲከልሱ ይህን ቢወስዱ እወዳለሁ፤ መጀመሪያም የሕዝብ ማመላለሻና የከባድ መኪና ሹፌሮች ላይ ቢጀምሩት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ
ከቡርጅ ሐሙድ፣ ሊባኖስ