ለ1954ቱ አምበል የሚገባው ክብር ይሰጠው

ሉቺያኖ ቫሳሎ በኢትዮጵያ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ስሞች አንዱ ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? በእኛ በኩል መልሱ አጭር ነው፤ ይገባዋል። ነገር ግን «ይገባዋል» ብሎ ማጨብጨብ ብቻውን አይበቃም። በምን መለኪያ እንደሚገባው፣ የሚጠራጠሩትስ ምን እንደሚሉ፣ ምንስ ሊመለስላቸው እንደሚቻል ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ ያወጣነውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄውን ያስነሣብን እዚሁ ከሚርዲፍ ብዙም ሳይርቅ የተደረገ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በዱባይ ዓለም አቀፍ ስታዲየም የቤዝቦል ውድድር ሲደረግ ከተሰለፉት አንዱ ሮቢንሰን ካኖ ነበር። ካኖ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ለብዙ ዓመታት ሁለተኛውን ቤዝ የጠበቀ አንጋፋ ተጫዋች ነው፤ በተከለከለ መድኃኒት ሁለት ጊዜ የተቀጣም ነው። ስለዚህ ስሙ በተነሣ ቁጥር «የዝና አዳራሽ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» የሚለው ክርክር አብሮ ይነሣል። እኛን የሳበን ግን የካኖ ጉዳይ ሳይሆን የክርክሩ ሥርዓት ነው። በኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ የተጻፈ ደንብ አለው። ተጫዋቹ ቢያንስ ዐሥር ዓመት የተጫወተ፣ ካቆመም አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ድምፅ ከሚሰጡት የስፖርት ጋዜጠኞች ከመቶ 75 እጁ ሊደግፈው ይገባል። በዚህ መንገድ ሳይመረጥ የቀረውን ደግሞ ሌላ ኮሚቴ እንደገና ሊመረምረው ይችላል።

ይህ ዳግመኛ ምርመራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የባክ ኦኒል ታሪክ ያሳያል። ኦኒል ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ይከለከሉ በነበረበት ዘመን በካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ቡድን የመጀመሪያውን ቤዝ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ልዩ ኮሚቴ ከጥቁሮች ቤዝቦል 17 ሰዎችን ሲመርጥ እሱን አለፈው። ሰውየው ግን አላኮረፈም፤ በክብረ በዓሉ ተገኝቶ ስለ 17ቱ ተናገረ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። እሱ ራሱ የተመረጠው በ2021 ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም መዝገቡ ስላልተዘጋ ስሕተቱ ታረመ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር፣ በያኔው ስሟ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ጋር ገጠመች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛ ቡድን ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነ። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል በ84ኛው ደቂቃ ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ያቺ ጎል ባትኖር ኖሮ ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አከሉ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውም ሉቺያኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አላነሣችም።

ሰውየው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1935 በአሥመራ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በመሐል ሜዳ ተጫውቷል። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ክልስ በመሆኑ አምበልነቱን ለሌላ እንዲለቅ የፈለጉ ሹማምንት ነበሩ፤ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ግን እምቢ አሉ። በደርግ ዘመን ተሰዶ ኢጣሊያ ገባ። በሴፕቴምበር 2022 በ87 ዓመቱ እዚያው በስደት አረፈ።

የሚጠራጠሩት የሚያነሧቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፣ «በዚያ ዋንጫ የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ጨዋታውም በገዛ ሜዳችን ነበር» ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው። ነገር ግን የተሸነፈው የ1957ንና የ1959ን ዋንጫዎች ተከታትሎ የወሰደ ቡድን ነው። በ1957ቱ ፍጻሜ እኛኑ 4 ለ 0 የረታን ይኸው ቡድን ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ልዩነት መገልበጥ የሜዳ ዕድል ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ከሉቺያኖ ይልቅ መንግሥቱ ወርቁ ይበልጣል» የሚሉ አሉ። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫዎች ዐሥር ጎል ያገባ ታላቅ ሰው ነው፤ የሚነፍገው የለም። የክብር መዝገብ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ዙፋን አይደለም። የአንዱ መጻፍ የሌላውን ስም አይፍቅም። ጎል ያገባውን ማስታወስ ቀላል ነው፤ መሐል ሜዳ ቆሞ ቡድኑን ያያያዘውን ለማስታወስ ግን መዝገብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ «አሥመራ የተወለደ ነው፤ ኤርትራም በ1993 ነጻ አገር ሆናለች» ይባላል። በ1954 ዓ.ም. የለበሰው ማልያ ግን የኢትዮጵያ ነው። ኤርትራውያን ወንድሞቻችን የእኛም ነው ቢሉ ደስ ይለናል። ክብር ሲካፈሉት የሚያልቅ እንጀራ አይደለም።

አራተኛው፣ ለእኛ ለውጭ አገር ተማሪዎች በቀጥታ የሚመለከተን ነጥብ ነው፤ «አገር ጥሎ ሄዷል» የሚለው። አገር ለቅቆ የወጣ ሰው የሠራው ሥራ ከመዝገብ ይሰረዛል ከተባለ፣ በሻርጃና በዓጅማን፣ በሚርዲፍም እየሠራ ቤተ ሰቡን በሚረዳው ወገናችን ላይ፣ በእኛም ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው። ሥራው የተሠራው በአደባባይ፣ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ እያየ ነው። ስደት ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ጎል ሊሽረው አይችልም።

እንግዲህ አቋማችን የሚከተለው ነው፦

ሀ) የእግር ኳሳችን የክብር መዝገብ በግልጽ በተጻፈና ለሕዝብ በታወጀ ደንብ ይመራ፤ በዝምድናና በወቅቱ ነፋስ አይሁን።

ለ) ምርጫው በማስረጃ ይደገፍ። በየአፉ የሚነገረው የጎል ቁጥር እርስ በርሱ አይስማማምና የዘመኑ ጋዜጦች፣ የፌዴሬሽኑና የየክለቡ ሰነዶች ይፈተሹ።

ሐ) በዘር ሐረግ፣ በፖለቲካ ወይም በስደት ምክንያት የተዘለሉትን እንደገና የሚመረምር ኮሚቴ ይቋቋም። ሞት በሩን አይዝጋ፤ ሉቺያኖም በዚሁ በር ከቀዳሚዎቹ ጋር ይግባ።

ይህን ሁሉ ከሌላ ብቻ መጠበቅ ግን ተገቢ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ከስታዲየሙ አጥር ሥር ቆሞ ያየ ሰው ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ተቃርቧል። ምስክሮቹ እያለቁ ናቸው። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ የአያቶቻችሁንና የጎረቤት ሽማግሌዎችን ቃል ቅዱ፤ በየሳጥኑ የተቀመጠውን ፎቶግራፍ ከነሥዕሉ ዘመንና ስም ጋር መዝግቡ። እዚህም በዱባይና በአካባቢዋ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። የምታገኙትን ለዚህ መጽሔት ላኩልን፤ ተራ በተራ እናወጣዋለን።

ባክ ኦኒል ክብሩን ሳያይ ሞተ፤ ሉቺያኖም እንዲሁ። የእነሱን ዕድል መለወጥ አንችልም። በሕይወት ያሉት አንጋፋዎቻችን ግን ስማቸው ሲጻፍ በዓይናቸው እንዲያዩ ማድረግ እንችላለን። ሥራው ዛሬ ይጀመር!