ለጀማሪ መንገድ ማሳየት

ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ሆኖ አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ፣ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚቸግረው ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ታክሲ ከየትኛው ጥግ እንደሚነሣ ነው። ይህን የሚነግረው አንድ ደግ ሰው ካገኘ የቀረውን ራሱ ይወጣዋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን አዲስ የሚጀምር ሰውም እንደዚሁ ነው። ብዙውን ጀማሪ ከደጃፍ የሚመልሰው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ይህን ነገር ዛሬ ለምን አነሣኸው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር መልሴ እነሆ። አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ለማሠልጠን የታቀደው የኮዲንግ ትምህርት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በኢንተርኔት ከተጀመረ ወዲህ፣ ፕሮግራም መጻፍ የታሪክ ተማሪውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛውም የሚሞክረው ነገር ሆኗል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በኢንተርኔት ሲሆን አስተማሪው አጠገብ የለም፤ ጀማሪው በተደናቀፈ ጊዜ ቀና ብሎ የሚያየው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቱም እኔና እናንተ ነን።

ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አብሮኝ ይማር የነበረ፣ በሒሳብ ከሁላችን የሚልቅ ልጅ ነበር። ፓይተን የተባለውን፣ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ፈጥሮት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 የወጣውን የፕሮግራም ቋንቋ በኮምፒዩተሩ ላይ ጫነ። ከዚያም እንደ ታዘዘው ስሙን ጽፎ ቢጠራው ማሽኑ «ፓይተን አልተገኘም» ሲል መለሰለት። አሁን የጫነውን አልተገኘም ይለዋል! ደግሞ ጫነው፤ ደግሞ አልተገኘም አለው። በሦስተኛው ቀን አንድ ከእኛ ከፍ ያለ ተማሪ መጣና ኪቦርዱን ከፊቱ ስቦ፣ ጣቶቹን እንደ ክራር ተጫዋች አሯሩጦ በግማሽ ደቂቃ አስተካከለለት፤ «ይህ እኮ ቀላል ነው» ብሎትም ሄደ። ቀላል የተባለው ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ያስቸገረው ሰው ስለ ራሱ ምን ያስብ? ልጁ በማግስቱ «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» አለኝ። እስከ ዛሬም አልተመለሰበትም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እኔንም ያው እንቅፋት ከሁለት ሳምንት በፊት መትቶኝ ነበርና ልነግረው እችል ነበር። ነገር ግን ያልገባኝ መሆኑ እንዳይታወቅብኝ አፍሬ ዝም አልሁ።

እንቅፋቱ ምን ነበር? በዊንዶውስ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የፓይተን መጫኛ በመጀመሪያው ገጹ ግርጌ አንዲት ትንሽ ባዶ ሣጥን አለችው። በእርስዋ ላይ ምልክት ካልተደረገ፣ ፓይተን ቢጫንም እንኳ አድራሻው ኮምፒዩተሩ ትእዛዞችን ከሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይህን ዝርዝር ባለሙያዎቹ ፓዝ ይሉታል። ቤት ሠርቶ አድራሻውን ለማንም እንዳለመናገር ያለ ነገር ነው፤ ከሒሳብ ዕውቀት ጋርም የሚያገናኘው የለም።

እንዲህ ያሉት እንቅፋቶች ብዙ ናቸው። የፓይተን ሁለተኛው እትም በፈረንጆች 2020 መጀመሪያ ጡረታ ቢወጣም በእርሱ ዘመን የተጻፉት መማሪያዎች ዛሬም ይገኛሉ፤ ከእነርሱ የቀዳ ጀማሪ ገና በመጀመሪያው መስመር ተሳስተሃል ይባላል። የእኛ ሰው ደግሞ ለብቻው የሆነ እንቅፋት አለው። ኪቦርዱን በአማርኛ ላይ ትቶ ሁለት ነጥብ የመታ እንደ ሆነ፣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ለዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ ለማሽኑ ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸውና አልቀበልም ይለዋል። ይህን ያልሰማ ሰው መስመሩን መቶ ጊዜ ቢያነበው ስሕተቱ አይታየውም።

«እኛስ ማን አሳየን? ታግለን ነው የተማርነው፤ እርሱም ይታገል» የሚሉ አሉ። አነጋገራቸው ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። የመቶ ሠራተኞችን ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ ሲያስቡ ማምሸት አእምሮን ያጠነክራል። በአንዲት ሣጥን ምክንያት ሦስት ቀን መባከን ግን ምን ያስተምራል? «ኢንተርኔት ላይ ፈልግ» የሚለውም ምክር ቢሆን፣ ፓዝ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልግ? ዛሬ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጡ የኮምፒዩተር ረዳቶች መጥተዋል፤ እነርሱም የተጠየቁትን ይመልሳሉ እንጂ አፍሮ ያልጠየቀውን አያውቁለትም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት፣ በመጀመሪያ ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ሠርቶ ይደር። ምንም ሳይጫን ፓይተንን የሚያሠሩ የኢንተርኔት ገጾች ስላሉ ከዚያ ይነሣ፤ መጫኑ ይደርሳል። የመጀመሪያው መስመሩም በአማርኛ «ሰላም» የሚል ይሁን፤ ፊደላችን በፈረንጆች 1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል፣ የዛሬውም ፓይተን ያለ ችግር ያነበዋል። ሁለተኛ፣ ረዳቱ እጁን ከኪቦርዱ ያርቅ። በቃል ይምራው፤ ጀማሪው ቢዘገይም በገዛ ጣቱ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የስሕተት መልእክት ማንበብን ያስተምረው። ፓይተን የስሕተቱን ዓይነት የሚናገረው በመጨረሻው መስመር ነው፤ ጀማሪ ግን ከላይ ጀምሮ ሲያነብ መካከሉ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። «ከታች ጀምር» ብሎ መንገር ብቻ ብዙ ይረዳዋል።

ከሁሉም በላይ ትናንት የጀመረ ሰው ለዛሬው ጀማሪ ከሊቁ ይሻለዋል፤ ሊቁ የተደናቀፈበትን ከረሳ ቆይቷልና። ስለዚህ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያለን ወጣቶች የተደናቀፍንበትን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር እንጻፈው፤ ከእኛ በኋላ ለሚቀመጠውም እንስጠው። አጠገባችን ያለው ሰው ማሽኑን ትክ ብሎ እያየ ዝም ሲል ባየነው ጊዜ «እኔም እዚህ ላይ ቸግሮኝ ነበር» እንበለው። ይህችን ቃል በጊዜው ብናገራት ኖሮ ያ የሒሳብ ሊቅ ጓደኛዬ ዛሬ እኔን ባስተማረኝ ነበር።