ሰዓት ሠሪና ደቀ መዝሙሩ

ልጆች ሆይ፥ የኪስ ሰዓት ተከፍታ ውስጧን አይታችሁ ታውቃላችሁን? በውስጧ የተጠመዘዘ ሞላ አለ፤ ሞላው ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን የናስ መንኰራኵሮች ያዞራል፤ ቀለበት የመሰለች አንዲት ቀጭን መንኰራኵርም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች የሌሎቹን አካሄድ በልክ ታደርገዋለች። በአንድ ቀን 1440 ደቂቃ አለ። ሰዓቲቱ ከዚህ ሁሉ አንዲቱን ብቻ ብትስት በወሩ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ባለቤቷም አትረባም ብሎ ይጥላታል። በሌላ ሥራ ይህን ያህል ልክ ማን ይጠይቃል?

እንዲህ ያለውን ሥራ ከመጽሐፍ ብቻ መማር የሚቻል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አይቻልም እላለሁ። መጽሐፍን መናቄ አይደለም፤ ምክንያቴን ስሙ።

ሰዓት ሠሪ ትንሿን ብረት በእሳት አግሎ በዘይት ሲያጠልቃት ትጠነክራለች፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ትሆናለች። ስለዚህ ወልውሎ እንደ ገና በቀስታ ያሞቃታል። ያን ጊዜ ቀለሟ ይለወጣል፤ በመጀመሪያ እንደ ገለባ ብጫ፥ ቀጥሎ ሐምራዊ፥ ከዚያም ሰማያዊ ትሆናለች። ለሞላ የምትሆነው ሰማያዊ ስትሆን ነው፤ ጥቂት ብትዘገይ ቀለሟ ይደበዝዛል፥ እርስዋም ከሚገባው በላይ ትለሰልሳለች። መጽሐፍ «ሰማያዊ ስትሆን አንሣ» ይላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የትኛው ሰማያዊ? ይህን የሚለይ ዓይን ብዙ ብረት አበላሽቶ የተማረ ዓይን ነው። ደቀ መዝሙሩ በምድጃው አጠገብ ቆሞ ሲመለከት መምህሩ «አሁን!» ይለዋል፤ በማግሥቱም «አሁን!» ይለዋል። ከብዙ ቀን በኋላ መምህሩ ዝም ይላል፥ ልጁም ራሱ ያነሣታል።

ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ የነበሩ ሰዓት ሠሪዎች ልጆችን ቢያንስ 7 ዓመት ያስተምሩ ነበር። በ1631 ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስ ማኅበር እንዲያቆሙ ፈቀደላቸው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ልጁ በውል ለመምህሩ ይሰጣል፥ በመምህሩም ቤት እየበላና እያደረ ይማራል። እውነቱን ለመናገር፥ አንዳንዱ መምህር ልጁን ቤት እያስጠረገና እየላከ ዘመኑን ያሳልፍበት ነበር። ይህ የልጁን ዕድሜ መስረቅ ነው፤ ከሌላው ሌባ የሚለየው በቀን በመስረቁ ብቻ ነው።

ጆርጅ ግራሃም ግን ዕድለኛ ነበረ። በ1688 ለትምህርት ገባ፤ ጊዜውን ከፈጸመ በኋላ ታላቁ ሰዓት ሠሪ ቶማስ ቶምፒዮን ዘንድ ሥራ ያዘ፥ የወንድሙንም ልጅ አገባ። በ1713 ቶምፒዮን ሲሞት ሥራውን የተረከበ እርሱ ነው። በ1751 ግራሃም በሞተ ጊዜ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በቶምፒዮን መቃብር ውስጥ ተቀበረ።

«ጆን ሃሪሰንስ ያለ መምህር ተምሮ የለምን?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፥ ሃሪሰን አናጢ ነበረ፤ ሆኖም በባሕር ላይ ለመርከበኞች የምታገለግል ድንቅ ሰዓት ሠራ። እንዲህ ያለ ሰው ግን ስንት ነው? እርሱም እንኳ በ1730 ሐሳቡን ይዞ የሄደው ወደ ግራሃም ደጅ ነው። ግራሃም ይህ ሰው ነገ ገበያዬን ይወስድብኛል ብሎ አልፈራም፤ ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር ተነጋገረ፥ ለሥራውም ያለ ወለድ ገንዘብ አበደረው።

ዛሬ ሞላ የሌለው፥ በባትሪ የሚሄድ የእጅ ሰዓት አለ። በ1957 ለገበያ ወጣ፤ በኋላም ዋጋው ረከሰ፥ በልክም ከቀድሞው በለጠ። ሞላ ያላቸው ሰዓቶች ግን አልጠፉም፤ ሲበላሹም የሚያድስ እጅ ይፈልጋሉ። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የስዊስንና የፈረንሳይን ሰዓት ሠሪዎች ጥበብ በቅርስ መዝገብ ጻፈው። መልካም አደረገ፤ ነገር ግን መዝገብ «አሁን!» ማለት አይችልም።

ሃሪሰን ወደ ግራሃም በመጣበት በዚያው ዓመት ቶማስ መጅ የሚባል ልጅ በግራሃም ቤት ለትምህርት ገባ። ይህም ልጅ አድጎ፥ ሹካ የመሰለች ትንሽ ብረት መንኰራኵሩን ጥርስ በጥርስ እየያዘች እየለቀቀች የምታስኬድበትን ዘዴ አወጣ። ሞላ ያላቸው የእጅ ሰዓቶች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በዚህ ይሠራሉ። አንዲቱን ወደ ጆሮአችሁ ብታቀርቡ የምትሰሙት ቀጭን ድምፅ የእርስዋ ድምፅ ነው።