ማዕድን ከመታጠቡ በፊት

ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ በምንም ቢታጠብ፣ የትም ቢቀመጥ አይጎዳም የሚሉ ሰዎች አይታጡም። እናንተም አቧራ የለበሰ የማዕድን ናሙና በመደርደሪያ ላይ አይታችሁ፣ «ይህ ለምን አይታጠብም?» ብላችሁ ይሆናል። ንጽሕናን መውደድ የሚያስመሰግን ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ በቤተ መዘክር ለተቀመጡ ማዕድናት ከአቧራው ይልቅ የአጣቢው ችኮላ ያሰጋል ብዬ አምናለሁ።

ከአፋር የመጣ የጨው ድንጋይ ውኃ ሲነካው ጠርዙ ይሟሟል፤ የኩብ ቅርፁም ይደበዝዛል። ካልሳይትን በኮምጣጤ የሚያጸዳ ሰው ድንጋዩን ራሱን ያስበላዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ በደላንታ የተገኘው ኦፓል ደግሞ አብዛኛው ውኃ የሚመጥ ነው። ውኃ ሲጠግብ ኅብረ ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውኃው ቆሻሻ ከሆነ ግን እድፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቀራል።

እንዲህ ስል ናሙናው ተረስቶ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ወርቅ መስሎ ብዙ ሰው ያሞኘውን ፓይራይት ተመልከቱ። ይህ ማዕድን ከብረትና ከድኝ የተገኘ ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 በላይ ሲሆን ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ መበላሸቱ ይፋጠናል፤ ሰልፈሪክ አሲድም ይፈጠራል። አሲዱ ናሙናውን አፈራርሶ አያበቃም፤ የተቀመጠበትን ካርቶንና ከሥሩ ያለውን መለያ ወረቀት ጭምር ይበላል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የወረቀቱ መጥፋት ነው። የተሰባበረ ድንጋይ መለያው ካለ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል፤ መለያው የጠፋበት ውብ ናሙና ግን ከየትኛው ተራራ፣ መቼና በማን እጅ እንደ ተገኘ የሚመሰክርለት የለም። ሪያልጋር የተባለው ቀይ ማዕድንማ እንኳን እርጥበትን ብርሃንንም አይችልም፤ መስኮት አጠገብ ከከረመ ወደ ቢጫ ዱቄት ይለወጣል። (አርሴኒክ ስላለበት በባዶ እጅ አትንኩት።)

አቧራማ መደርደሪያ ጎብኚን ያስከፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለዚህ ግን በሚገባ የሚዘጋ የመስተዋት ሣጥን ከውኃ ባልዲ ይሻላል። ስለዚህ አንድ ናሙና እጃችሁ ቢገባ፣ አስቀድማችሁ ምን ዓይነት ማዕድን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ በመለያው ላይ የተጻፈውንም በሌላ ወረቀት ገልብጡ። ከዚያም አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ብሩሹ ያላነሣውን ለባለሙያ ተዉለት።