ሞተሩ ይሥራ፤ ጆሮም ይዳን

ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ፣ በድንበር ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ ለዓመታት የመብራት ኃይል ስታገኝ የኖረችው ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር መሆኑ ይታወቃል። ስለሆነም መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ በወዲህም በወዲያም ያሉ ሱቆችና ሆቴሎች ጄኔሬተሮቻቸውን ያስነሳሉ። ሰውና ዕቃ በኬላ ተፈትሾ ያልፋል፤ የሞተር ጩኸት ግን ኬላ አያውቅም።

ይህን ጩኸት እንደ ተራ ነገር መመልከት አይገባም እንላለን። በሠራተኞች ጤና ጥበቃ በሰፊው በሚሠራበት ልክ መሠረት፣ ጆሮ 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅን የሚታገሠው በቀን ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በመሆኑም 100 ዴሲቤል ከሚያሰማ ሞተር አጠገብ የሚፈቀደው ቆይታ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በጩኸት የሞተ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይተካም። ሌሊት ዘብ የሚቆም ወታደር ኮሽታን ካልለየ፣ መካኒክም የሞተሩን ብልሽት በድምፁ ማወቅ ከተሳነው፣ ከጆሮው ጋር ሙያውም ይጎዳል።

በአንዳንድ ዘንድ የተለመደው መፍትሔ የዛገውን የሞተር ሽፋን ፍቆ ቀለም መቀባት ነው። ቀለም ዝገትን ይከላከላል እንጂ ድምፅን አያፍንም። ተሳፋሪ ከሞተሩ አጠገብ በሚቀመጥበት በጀልባ ሥራ ግን ትክክለኛው ዘዴ ከታወቀ ቆይቷል። በቅድሚያ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከባድ ጎማ ይለጠፋል፤ ይህም ቆርቆሮው እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋል። በጎማው ላይ እሳት የማይዘው፣ ድምፅን የሚመጥ ለስላሳ ነገር ይደረብና ዘይት እንዳይጠጣ በስስ አልሙኒየም ይሸፈናል። ጠርዙ በጎማ ይደፈናል፤ የሞተሩ እግሮችም በጎማ ላይ ያርፋሉ። ከሽፋኑ ገጽ 1 በመቶ ያህሉ ክፍት ከሆነ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢወፍር ድምፁን ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊቀንስ አይችልም። መፋቅ፣ የዝገት መከላከያና ቀለም መቀባት የውጪው ገጽ ሥራ ናቸው።

ይሁን እንጂ ጩኸት እናፍናለን ብሎ ሞተሩን ማፈን ታላቅ ጥፋት ያስከትላል። ሞተር አየር ካላገኘ ይግላል፤ የፍራሽ ስፖንጅ የተለጠፈበት ሽፋንም ለእሳት ይዳረጋል። አየሩ ውስጡ ድምፅ መጣጭ በተለበጠና በታጠፈ መተላለፊያ እንዲገባና እንዲወጣ ቢደረግ፣ አየሩ ሲያልፍ ድምፁ በመንገዱ ይደክማል። የጭስ ማውጫውም ከቤት ውጪ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ መዋል አለበት። ጄኔሬተርን በቤት ውስጥ ዘግቶ ማስነሳት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ቤተሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ሕጉም በሁለቱም ወገን አለ። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅን ጉዳይ ያጠቃልላል፤ ኬንያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ስለ ጩኸትና ንዝረት ቁጥጥር ደንብ አውጥታለች። ነገር ግን ሕግ በየጓሮው ቆሞ አይጠብቅም። ጥቂት ጎማ፣ ጥቂት ቆርቆሮና የአንድ ባለሙያ የቀን ሥራ ለጎረቤት እንቅልፍ ሊነፈግ የሚገባ ወጪ አይደለም። የሞተር ባለቤት የሆነ ሁሉ፣ ቀለሙን ከማሳመሩ በፊት፣ በግድግዳው ማዶ ማን እንደተኛ ያስብ።